የልብ ቫልቭ ለማስቀየር ሕንድ ለምትሄዱ፦ ባንጋሎር ያየሁት

እህቴ የልብ ቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው የልብ በር) ችግር እንዳለባት ከታወቀ ጀምሮ ምክር ያልለገሰን ሰው የለም። አንዱ ባንኮክ ይላል፣ ሌላው ቱርክ ይላል፣ ሌላው ጀርመን ያለ ዘመድ ያስታውሰናል። በመጨረሻ የሄድነው ሕንድ፣ ባንጋሎር ነው። አሁን ደህና ናት፤ ወደ ሥራዋም ተመልሳለች። ከመጣን ወዲህ ግን ስልኬ አላረፈም። የጓደኛ ጓደኛ፣ የጎረቤት ዘመድ ይደውልና "እንዴት አደረጋችሁ?" ይለኛል። በስልክ ስናገር ደግሞ ዋና ዋናው ነገር ይዘለላል። የምጽፈው ለዚህ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የማወራው አስታማሚ ሆኜ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ ሕንድን ለምን እንደመረጥን ልንገራችሁ። የዋጋው ነገር አለ። ከዋጋው በላይ ግን የበሽታው ዓይነት ነው የወሰነልን። የእህቴ በሽታ ሪውማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። የሚጀምረው በልጅነት ጉሮሮ ሲታመም ነው፤ እኛ "ቶንሲል ነው" ብለን የምናልፈው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በጊዜው በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ ሰውነት እሱን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የገዛ ልቡን ሊያጠቃ ይችላል። ይህ ሲደጋገም ቫልቩ ይወፍራል፣ ጠርዞቹ ይጣበቃሉ፣ መተላለፊያው ይጠባል። ደረጃ መውጣት ያቅታል። ማታ ትራስ ደራርቦ ካልሆነ መተኛት አይቻልም።

አውሮፓና አሜሪካ ይህ በሽታ ዛሬ ብርቅ ነው። እዚያ ቫልቭ የሚቀየርላቸው አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው። ሕንድን ግን እንደ እኛው ገና አልለቀቃትም። በሆስፒታሉ መጠበቂያ አዳራሽ ይህን በዓይኔ አየሁ። ከቢሃር፣ ከአሳም፣ ከባንግላዴሽ የመጡ ወጣት ሴቶች፣ የእህቴ እኩዮች፣ ያንኑ በሽታ ይዘው ፋይላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ልቤ ያረፈው ያኔ ነው። ለዚያ ቀዶ ሐኪም የእህቴ ቫልቭ እንግዳ ነገር አይደለም። ጠዋት አንዱን ሠርቶ ከሰዓት ሌላውን ይሠራል። ስለዚህ ስለ አገር ከማሰባችሁ በፊት "የእኛን በሽታ በየቀኑ የሚያየው ማነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

አገራችን ውስጥም ሥራው አለ። ዶክተር በላይ አበጋዝ ለዓመታት የደከሙበት የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ተከፍቷል። ወረፋው ግን ረጅም ነው። የእህቴን በሽታ ያገኙትም፣ ለዓመታት የተከታተሏትም የእኛው ሐኪሞች ናቸው። የባንጋሎሩ ሐኪም ከአዲስ አበባ የያዝነውን የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤት አይቶ "በደንብ ተሠርቷል" ሲል ደስ ብሎኛል። ከመሄዳችሁ በፊት እነሱን በደንብ አማክሩ።

አንድ ጥያቄ በተለይ አትርሱ። "በፊኛ ይሆናል ወይ?" በሉ። የጠበበ ሚትራል ቫልቭ (በልብ ግራ በኩል ካሉት አንዱ) ደረት ሳይከፈት የሚሰፋበት መንገድ አለ። በብሽሽት ደም ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባና ጫፉ ላይ ያለው ፊኛ ቫልቩ ውስጥ ይነፋል። በሽተኛው ቶሎ ይወጣል፣ ወጪውም በጣም ያነሰ ነው። ቫልቩ ካልደረቀ፣ ብዙ ደም ወደ ኋላ ካላፈሰሰ፣ ልብ ውስጥም የረጋ ደም ከሌለ ይሞከራል። ለእህቴ አልሆነም፤ ቫልቩ ካልሲየም ይዞ ደርቆ ነበር። ለብዙ ሰው ግን ይሆናል።

አሁን ወደ ደላላው ጉዳይ። "ሕንድ እንልካለን" የሚሉ ብዙ ናቸው። ቀና ሰዎች አሉባቸው። ነገር ግን በሽተኛ በላኩ ቁጥር ከሆስፒታል ኮሚሽን የሚቀበሉ እንዳሉ እወቁ። አንዱ ለእኛ ያመጣው ዋጋ፣ እኔ በቀጥታ ጽፌ ካገኘሁት በጣም ይበልጥ ነበር። ሆስፒታሎቹ የውጭ አገር ታካሚዎችን የሚያስተናግድ ክፍል አላቸው። ኢሜይል ብትጽፉላቸው ይመልሳሉ። የኢኮውን ሪፖርት ብቻ ሳይሆን ቪዲዮውንም ላኩ። ከአንድ በላይ ሆስፒታል ጠይቁ። ዋጋ ሲልኩላችሁ ደግሞ ዝርዝሩን አስነግሯቸው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስንት ቀን ይጨምራል? ቫልቩ ተካቷል ወይ፣ የትኛው ቫልቭ? ደሙስ? ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለው ምርመራስ? ከተባለው ቀን በላይ ብትተኛ በቀን ስንት ይከፈላል? ገንዘብ ከተረፈ እንዴት ይመለሳል? መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ስለ ወረቀት ጉዳይ ባጭሩ። በሽተኛው በሕክምና ቪዛ፣ አስታማሚው በአስታማሚ ቪዛ ነው የሚገባው፤ ለሁለቱም የሆስፒታሉ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የግድ ነው። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። እኛን ባንኩ ለምንዛሬው የሕክምና ቦርድ ወረቀትና የሆስፒታሉን ፕሮፎርማ ጠይቆናል። ሕንድ ስትገቡ በእጃችሁ ያለው ጥሬ ገንዘብ ከ5,000 ዶላር ከበለጠ ጉምሩክ ላይ ማስመዝገብ አለባችሁ። ስም ላይም ተጠንቀቁ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። እነሱ አንዴ በእህቴ ስም፣ አንዴ በአያታችን ስም ሁለት ፋይል ከፍተው የላቦራቶሪ ውጤቷ ጠፍቶ ነበር። በፓስፖርቱ እንዳለ፣ ሦስቱም ስም በአንድ ቅደም ተከተል ይጻፍ በሉ።

ባንጋሎር የልብ ሕክምና ከተማ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ዶክተር ዴቪ ሼቲ እ.ኤ.አ. በ2000 ቦማሳንድራ በሚባለው የከተማው ዳርቻ የመሠረቱት ናራያና አለ። ብዙ ቀዶ ሕክምና በመሥራት የአንዱን ዋጋ ማውረድ እንደሚቻል ያሳየ ሆስፒታል ነው። የክልሉ መንግሥት የሚያስተዳድረው ጃያዴቫ አለ። ዋይትፊልድ የሚባለው ሰፈር ደግሞ የልብ ቀዶ ሕክምና በነጻ የሚሰጠው የሳትያ ሳይ ሆስፒታል አለ። እህቴ የታከመችበትን ግን በስም አልጠራም፤ የማመሰግነውም፣ ቅር ያለኝም ነገር ስላለ።

በአንድ ነገር ላይ ብቻ የሚሠራ ሆስፒታል ምን እንደሚመስል ከዚህ በፊት አላየሁም ነበር። ሁሉም ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቃል። ኢኮ የሚያነሳው ባለሙያ እህቴን በግራ ጎኗ አስተኝቶ ሲያይ ለብቻው ቁጥር ያጉተመትማል፤ የት ቆም ብሎ ደግሞ ማየት እንዳለበት ይገባዋል። ጽዳት ሠራተኛው እንኳ ከቀዶ ሕክምና የወጣን ሰው በየት በኩል ደግፎ እንደሚያስነሳ ያውቃል። ፊዚዮቴራፒስቷ የምትመጣው ከኦፕሬሽኑ በኋላ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን በፊት መጣች። ሦስት ኳስ ያለባት የመተንፈሻ መለማመጃ ሰጥታ "ዛሬ ስትችዪ ተለማመጂ፣ ነገ ያምሻል" አለቻት። ስትስል ትራስ ደረቷ ላይ አጥብቃ እንድትይዝም አሳየቻት። በኋላ ይህች ትንሽ ትምህርት ምን ያህል እንደጠቀመቻት አየሁ።

ያላሰብነው ግን ጥርስ ነበር። ቫልቭ ከመቀየሩ በፊት የጥርስ ሐኪም ፈቃድ ይጠይቃሉ። የተበላሸ ጥርስ ካለ ባክቴሪያው በደም ሄዶ አዲሱ ቫልቭ ላይ ሊያርፍ ይችላል። እህቴ ሁለት የተቦረቦሩ መንጋጋ ጥርሶች ነበሯት። ተነቀሉ፣ ድዱ እስኪድን ተጠበቀ፣ ቀጠሮው ተገፋ። የቆየንበት እያንዳንዱ ቀን የቤት ኪራይ ነው፣ ምግብ ነው። ይህን አዲስ አበባ ጨርሳችሁ ሂዱ። እለምናችኋለሁ።

ከሁሉ የከበደን የቫልቩ ምርጫ ነው። የሆስፒታሉ አማካሪ ሁለቱንም ዓይነት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልን። ሜካኒካሉ ለረጅም ዘመን ይቆያል፤ ነገር ግን ዕድሜ ልክ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው የዕድሜ ልክ ማቅጠኛ አይፈልግም፤ ነገር ግን ያልቃል፣ ወጣት ሰው ላይ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ያኔ ደረት እንደገና ይከፈታል። ሕንዶቹ የራሳቸው ሜካኒካል ቫልቭ አላቸው፤ ቺትራ ይባላል። ኬራላ በምትባለው የደቡብ ሕንድ ክልል ስሪ ቺትራ በሚባለው ተቋም ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1990 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ የተተከለ ነው። ከውጭ ከሚመጣው በብዙ ይረክሳል። ስለ እንስሳው ቫልቭ "ከአሳማ ነው ወይስ ከከብት?" ብለን ጠየቅን። ሁለቱም አለ። ሃይማኖታችሁ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ፤ እነሱ ጥያቄውን ለምደውታል።

እህቴ ገና አላገባችም። ዋርፋሪን የሚባለው ማቅጠኛ ደግሞ በተለይ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። እማዬ ይህን በስልክ ስትሰማ "ልጄ አትወልድም ማለት ነው?" ብላ አለቀሰች። ወንድሞቿ ሁሉ በየፊናችን ሐሳብ ሰጠን። በመጨረሻ ቀዶ ሐኪሙ እኛን ትቶ ወደ እሷ ዞረ። "አንቺ ምን ትያለሽ?" አላት። እሷም "ከ10 ዓመት በኋላ ይህን ገንዘብ ማን ያመጣል? ሜካኒካሉ ይሁን" አለች። ሐኪሙ መውለድ እንደምትችል፣ ግን በዕቅድና በክትትል ብቻ እንደሆነ በዝርዝር ነገራት። ሌላ ሴት ሌላውን ልትመርጥ ትችላለች፤ ትክክልም ናት። የምለው ታካሚዋ ራሷ ትጠየቅ ነው። ቤተሰብ ገንዘብ ስላዋጣ ብቻ አይወስንባት።

ለኦፕሬሽኑ ሆስፒታሉ ምትክ ደም ለጋሽ አምጡ አለን። በማናውቀው አገር ከየት እናምጣ? ባንጋሎር የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ደረሱልን። አንዱን ያገኘሁት በሰው በሰው ነው፤ እሱ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ከሰጡ በኋላ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ወደ ክፍላቸው ሮጡ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከመሄዳችሁ በፊት በምትሄዱበት ከተማ ያሉ ልጆችን አፈላልጉ።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስታማሚ አያስገቡም። በቀን ለአጭር ሰዓት ብቻ ነው የምታዩት። እህቴ እንግሊዝኛዋ ብዙም አይደለም፤ ስትነቃ ደግሞ አፏ ውስጥ ቱቦ አለ። አማርኛ አስተርጓሚ አልነበረም፤ ዓረብኛና ቤንጋሊ ግን ነበር። ስለዚህ አስቀድመን ካርድ ሠራን። በአንድ በኩል በአማርኛ፣ በሌላው በእንግሊዝኛ፦ "አመመኝ"፣ "ውሃ"፣ "ትንፋሽ አጠረኝ"፣ "በረደኝ"፣ "ሽንቴ መጣ"። በጣቷ እያሳየች ተግባባች። ነርሷ ካርዶቹን ከአልጋው ጎን አንጠለጠለቻቸው። አንድ ነገር ግን ማንም አልጠበቀውም። እኛ "አዎ" ስንል ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። ቱቦው ከወጣ በኋላ ነርሶቹ በጠየቋት ቁጥር እህቴ እንደዚያ ስታደርግ ትንፋሽ ያጠራት መስሏቸው ደነገጡ፤ የኦክስጅን መለኪያ ይዘው ሮጡ። አስረዳኋቸውና ፋይሏ ላይ ጻፉት። እናንተም አስቀድማችሁ ንገሩ።

ነርሶቹን "ሲስተር" ነው የሚሏቸው፣ እንደ እኛው። ብዙዎቹ የኬራላ ልጆች ናቸው። አንዷ ከኢትዮጵያ መምጣታችንን ስትሰማ ፊቷ በራ። አጎቷ በንጉሡ ጊዜ ደሴ ሒሳብ ያስተምር ነበር። አባቴ የሕንድ መምህር እንዳስተማረው ስነግራት ሥራዋን ስትጨርስ ተመልሳ መጥታ ብዙ አወራን። ከዚያ በኋላ ሌሊት ተረኛ ስትሆን እህቴን ሁለት ጊዜ ታይልኝ ነበር።

ቅር ያለኝ የገንዘቡ ክፍል ነው። እህቴ ገና ጽኑ ሕሙማን ክፍል እያለች ከሒሳብ ክፍል ተደውሎ "ቀሪ ማስያዣ ዛሬውኑ ካልገባ" ተባልኩ። በውሉ መሠረት ገና ጊዜ ነበረው። ሰው በጭንቅ ላይ ባለበት ሰዓት እንዲህ አይጠየቅም። የያዝኩት የጽሑፍ ዝርዝር የጠቀመኝ ያኔ ነው፤ አሳየኋቸው፣ ዝም አሉ። የመጨረሻው ሒሳብ ላይም ያልተሰጣት መድኃኒት ተጽፎ ነበር፤ ጠይቄ ተሰረዘ። በየቀኑ የሒሳቡን ዝርዝር ጠይቃችሁ ተቀበሉ።

ማረፊያን በተመለከተ ከሆስፒታሉ አጠገብ ወጥ ቤት ያለው ክፍል ተከራዩ። ሽሮ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጨው ግን ቀንሱ። ለቤት ኪራዩም ለሲም ካርዱም የፓስፖርትና የቪዛ ኮፒ ይጠይቋችኋል፤ ብዙ አባዝታችሁ ያዙ።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር። እንዲህ ያለ ሆስፒታል ልብን ይጠግናል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮ ግን አያውቀውም። ስትወጡ ፈገግ ብለው የመውጫ ወረቀት ይሰጧችኋል። ቀሪው ሥራ የእናንተ ነው። ለእህቴ የታዘዘላት ማቅጠኛ አሲትሮም የሚባል ነበር። ሕንድ ውስጥ በየፋርማሲው አለ። አዲስ አበባ ስጠይቅ ግን ያለው ዋርፋሪን ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ ቢሠሩም መጠናቸው አይመሳሰልም፤ በዘፈቀደ አይቀያየሩም። ደግነቱ ከመውጣታችን በፊት ወደ ቤት ደውዬ አጣርቼ ነበር። ሐኪሙ እዚያው ወደ ዋርፋሪን ቀየረላትና መጠኑ እስኪስተካከል አቆየን። የታዘዘላችሁን መድኃኒት ሁሉ በስሙ አገር ቤት አስጠይቁ።

ከዚያ አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ይመጣል። ደሟ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካ ነው። እንደ እሷ ላለ ሚትራል ሜካኒካል ቫልቭ ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል። ካነሰ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ ወደ ጭንቅላት ሊሄድም ይችላል። ከበዛ ያደማል። አዲስ አበባ የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች አሉ። ክፍለ ሀገር የምትኖሩ ግን ከመሄዳችሁ በፊት በቅርባችሁ የት እንደሚሠራ አጣሩ። ምርመራው በአቅራቢያችሁ ከሌለ ይህን ቫልቭ ስትመርጡ ለቀዶ ሐኪሙ ንገሩት። ይህ ብቻውን ምርጫውን ሊቀይር ይችላል።

የሕንዱ የምግብ ባለሙያ ስለ ስፒናች ነገራት። ስለ እኛ ጾም ግን አያውቅም። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ቫይታሚን ኬ አላቸው፤ ይህ ደግሞ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። እህቴ ትጾማለች። ሁዳዴ ሲገባ ጎመኑ በዛ፣ አይኤንአሯም ወረደ። ሐኪሟ ጎመን ተዪ አላላትም፤ ዓመቱን ሙሉ ተመጣጣኝ መጠን ብዪ አላት። አሁን ጾም ሲገባና ሲፈታ ቶሎ ቶሎ ትመረመራለች። ሕመም ማስታገሻም ያለ ሐኪም አትወስድም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከዋርፋሪን ጋር ደም ሊያፈሱ ይችላሉ። አንዳንድ አንቲባዮቲኮችም አይኤንአሩን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ የትም ስትሄድ መጀመሪያ የምትናገረው "ዋርፋሪን ላይ ነኝ" የሚለውን ነው።

ሰዓቱንም አስተካክሉ። ወረቀቱ ላይ "ማታ 8" የተጻፈው በእኛ ማታ ሁለት ሰዓት ነው። እናታችን የምታስታውሳት ስለሆነ ሁሉንም በእኛ ሰዓት ገልብጬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። በሽታው እንዳይደገም የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ ነገርም አለ። ቫልቩ ስለተቀየረ መከላከያው ይቆማል ማለት አይደለም፤ ሌሎቹ ቫልቮች አሉ። መርፌው ይቀጥል ወይስ በሚዋጥ ይተካ የሚለውን ሐኪማችሁ ይወስን።

ስትወጡ የቫልቩን ካርድ ተቀበሉ። ዓይነቱ፣ መጠኑና መለያ ቁጥሩ ያለበት ትንሽ ካርድ ነው። እህቴ ቦርሳዋ ውስጥ ትይዘዋለች። ጥርስ ሐኪም ጋ ስትሄድ ታሳያለች፤ ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ መውሰድ አለባት። ፎቶውንም ሁላችንም ስልካችን ላይ አለን። አሁን ሽማግሌ ሊላክ ነው፤ እማዬም ደስ ብሏታል። እህቴ ለእጮኛዋ ሁሉንም ነግራዋለች። ለማርገዝ ከማሰባቸው በፊት ሁለቱም አብረው የልብ ሐኪሟንና የማህፀን ሐኪም ለማግኘት ቀጠሮ ይዘዋል፤ ዋርፋሪኑ መቼ ሄፓሪን በሚባል ሌላ የማቅጠኛ መርፌ እንደሚተካ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።